ለትንሽ የፕሮፋይል ምስል የጥለት ጠርዝ አሠራር

ስፋቱም ቁመቱም 100 ፒክስል የሆነ የፕሮፋይል ምስል በጠቅላላው 10,000 ነጥቦች ብቻ አሉት። በዙሪያው የአንድ ፒክስል መስመር ብናሰምርበት መስመሩ 396 ነጥቦችን ይወስዳል፤ ውፍረቱን ወደ አምስት ፒክስል ከፍ ብናደርገው 1,900፣ ወደ አሥር ብናደርሰው ደግሞ 3,600 ነጥቦች ይሄዳሉ፤ ይህም ከምስሉ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። በትልቅ ፎቶግራፍ ላይ ከቁጥር የማይገባ ጠርዝ በትንሽ አይከን ላይ ሲሆን የባለቤቱን ግንባርና ጆሮ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለአይከን ጠርዝ የሚሠራ ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት መቁጠር ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ከሸማኔ የሚቀርበን ባለሙያ የለም። ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው በእርሳስ ነድፎ ሳይሆን ድሩን እየቆጠረ ባለቀለሙን ማግ በመሐሉ በማሳለፍ ነው፤ የጥለት ቅርጾች አብዛኛውን ጊዜ መስቀል፣ ደረጃ፣ ማዕዘንና በጫፉ የቆመ ካሬ የሚሆኑት፣ ክብ ነገር ግን እምብዛም የማይገኝባቸው ለዚህ ነው። የኮምፒዩተር ምስልም እንዲሁ አግድምና ቁልቁል በተደረደሩ ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ ለጨርቅ የተፈጠረው ቅርጽ ለፒክስልም ሳይቸገር ይሆናል። ከዚህ በታች የማሳየው በመጀመሪያ ቀላሉን የመስመር ጠርዝ፣ ከዚያም በ100 ፒክስል አይከን ላይ የሚያርፈውን የጥለት ጠርዝ፣ በመጨረሻም እንደ ቴሌግራም ያሉ መተግበሪያዎች ምስሉን በክብ ስለሚቆርጡት የሚያስፈልገውን ክብ ጠርዝ ነው።

የምጠቀመው ጊምፕ በተባለው ነፃ የምስል ማስተካከያ ነው። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ይሠራል፣ ክፍያም አይጠይቅም። የሜኑ ስሞቹን በእንግሊዝኛ አጠራራቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ፎቶሾፕ ያለው ሰው ሐሳቡን እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ቆጠራው አይለወጥም።

ምስሉን ማዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠርዙን በትልቁ ፎቶግራፍ ላይ ከሠራ በኋላ ሁሉንም በአንድነት ሲያሳንስ ነው። 1,200 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ ሦስት ፒክስል ወፍራም የነበረ መስመር ምስሉ ወደ 100 ሲወርድ የሩብ ፒክስል ውፍረት ይቀረዋል። ሩብ ፒክስል የሚባል ነገር ስለሌለ ፕሮግራሙ መስመሩን ከጎረቤቶቹ ነጥቦች ጋር ቀላቅሎ ግራጫ ጭጋግ ያደርገዋል። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ የግድ መቁረጥ፣ ማሳነስ፣ ከዚያም ጠርዝ መሥራት ነው።

ፎቶውን በጊምፕ ከከፈትን በኋላ የመቁረጫ መሣሪያውን በሺፍትና በሲ ቁልፍ እናነሣለን። በመሣሪያው አማራጮች ውስጥ «ፊክስድ» የሚለውን አብርተን «አስፔክት ሬሾ» ላይ 1:1 ብለን እንጽፋለን፤ እንዲህ ስናደርግ የምንቆርጠው ሁልጊዜ ትክክለኛ ካሬ ይሆናል። በአይከን ላይ ፊት እንጂ ሙሉ ቁመና አይታይም፣ ስለዚህ ከደረት በላይ ብቻ ብንወስድ ይበቃል። ከጀርባው ያለው ነገር፣ የሠርግ አዳራሽ መጋረጃም ይሁን የመኪና በር፣ ቢቀነስ ምንም አይጎድለንም።

ቀጥሎ «ኢሜጅ» ከሚለው ሜኑ «ስኬል ኢሜጅ» የሚለውን እንመርጣለን። ለቀላል መስመር ጠርዝ ምስሉን ወደ 100 በ100 እናወርደዋለን። ለጥለት ጠርዝ ግን ወደ 84 በ84 እናወርደዋለን፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጥለቱ ጋ ስንደርስ ይገለጻል። የተቀነሰ ፎቶ ትንሽ ስለሚደበዝዝ «ፊልተርስ» ሥር «ኢንሃንስ» ውስጥ ያለውን «ሻርፐን» በጥቂቱ እንጠቀማለን፤ እኔ «ሬዲየስ» የሚለውን 0.5፣ «አማውንት» የሚለውን 0.3 ያህል አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሄዱ ቅንድብና የፀጉር ጫፍ በነጭ መስመር የተከበበ ይመስላሉ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ደግሞ ብዙ ድካም ያቀላል። «ቪው» ከሚለው ሜኑ «ኒው ቪው» የሚለውን ስንነካ ያው ምስል በሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። አንዱን መስኮት በ800 በመቶ አጉልተን እንሠራበታለን፤ ሌላውን በ100 በመቶ ትተነው እናየዋለን። በጉልበት ያጎላነው ምስል ሁልጊዜ ያማረ ይመስላልና እውነቱን የሚነግረን ትንሹ መስኮት ነው። ቁጥር 1 ቁልፍ ምስሉን ወደ 100 በመቶ፣ ቁጥር 4 ደግሞ ወደ 800 በመቶ ያደርሰዋል።

ቀላሉ የመስመር ጠርዝ

ሥራውን ሁሉ በአዲስ ሌየር ላይ፣ ማለትም በፎቶው ላይ እንደ ግልጽ ወረቀት በሚነጠፍ ንብርብር ላይ ማድረግ ይገባል፤ ፎቶው ላይ በቀጥታ የተሠመረ መስመር ነገ ቀለሙን ልቀይር ቢሉ አይላቀቅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ስንጫን አዲስ ሌየር ይከፈታል፣ መሙያውን «ትራንስፓረንሲ» እናደርገዋለን። ከዚያ በኮንትሮልና ኤ ሁሉንም እንመርጣለን፤ «ሴሌክት» ከሚለው ሜኑ «ሽሪንክ» ብለን የምንፈልገውን ውፍረት፣ ለምሳሌ 3 ፒክስል እንጽፋለን። እዚህ ላይ ምርጫው ከምስሉ ውጭ ይቀጥላል የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እርሷ ምልክት ካለባት ምርጫው ከዳር አይሸሽም፣ ስለዚህ ባዶ መሆኗን እናረጋግጣለን። ቀጥሎ በኮንትሮልና አይ ምርጫውን ስንገለብጠው የተመረጠው ውስጡ መሆኑ ቀርቶ ዙሪያው ይሆናል። በኮንትሮልና በኮማ ቁልፍ ከፊት በተቀመጠው ቀለም እንሞላዋለን። ጠርዙ አለቀ።

በዚያው ሜኑ ውስጥ «ቦርደር» የሚል ትእዛዝ እያለ ለምን ይህን ያህል እንዞራለን የሚል ይኖራል። ያ ትእዛዝ የምርጫውን ጫፍ ግራና ቀኝ እኩል የሚያሰፋ በመሆኑ በምስሉ ዳር ላይ ሲሠራ ግማሹ ከምስሉ ውጭ ይወድቃል፣ ቆጠራችንም ይበላሻል። «ፊልተርስ» ሥር «ዴኮር» ውስጥ ያለው «አድ ቦርደር» ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ጠርዙን ከውጭ ስለሚጨምር 100 የነበረው ምስል 106 ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ለትልቅ ፎቶ ክፉ አይደሉም።

ስለ ቀለም ብዙ ሰው የሚመርጠው ጥቁር ወይም ነጭ ነው፤ ሁለቱም ብቻቸውን ሲሆኑ ወጥመድ አላቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ስልኩን በጨለማ ገጽታ ነው የሚጠቀመው፤ ጥቁር ጠርዝ እዚያ ላይ ከጀርባው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፣ ነጩ ደግሞ በነጭ ገጽታ ላይ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት መስመር ማድረግ ነው፤ ከውጭ ሁለት ፒክስል ጠቆር ያለ፣ ከውስጥ አንድ ፒክስል ፈካ ያለ። የትኛውም ገጽታ ላይ ቢወድቅ ከሁለቱ አንዱ ይተርፋል። ጠቆር ያለውን ቀለም ከራሱ ከፎቶው መውሰድ ይመረጣል፤ የኦ ቁልፍን ተጭነን ከፀጉሩ ጥላ ወይም ከልብሱ እጥፋት ላይ ቀለሙን እንቀዳለን። ፈካ ያለው መስመር ግን ከፊቱ በጣም እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጠይም ፊት በደማቅ ነጭ ሲከበብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በነጩ ላይ ነው፣ ፊቱም ከነበረው የጨለመ ይመስላል። ንጹሕ ነጭ ከማድረግ ያልታጠበ ጥጥ የሚመስለውን፣ ማለትም ቀይ 240፣ አረንጓዴ 230፣ ሰማያዊ 205 አካባቢ ያለውን ቀለም መጠቀም ይሻላል።

የጥለት ጠርዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የምንሠራው ጥለት ስምንት ፒክስል ስፋት ያለው ሲሆን በውስጡ በጫፋቸው የቆሙ ትናንሽ ካሬዎች ይደረደሩበታል። ስምንት ፒክስል ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ ከ100 ላይ 84 ይቀራል፤ ፎቶውን 84 በ84 ያደረግነው ስለዚህ ነው። ጠርዙ በጠቅላላው 2,944 ነጥቦችን፣ ማለትም ከአይከኑ 29 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህ ከባድ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ፎቶውን ከመሸፈን ይልቅ አሳንሰን በመስኮቱ ውስጥ ስላስቀመጥነው የሚቆረጥ ፊት አይኖርም።

ካሬው አምስት ፒክስል ስፋትና አምስት ፒክስል ቁመት አለው። በመጀመሪያው ረድፍ አንድ ነጥብ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በመሐለኛው አምስት፣ ከዚያም ሦስት፣ በመጨረሻም አንድ ነጥብ ይቀባል፤ ጠቅላላው 13 ነጥብ ነው። ከዚህ ያነሰ ብናደርገው ካሬነቱ ጠፍቶ የመደመር ምልክት ይሆናል።

በሁለት ካሬዎች መካከል ስንት ፒክስል ክፍተት እንተው የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት አንድ ፒክስል ትቼ ነበር። አምስትና አንድ ስድስት ነው፣ 84 ለስድስት ሲካፈል ልክ 14 ይመጣል፣ ሒሳቡ የተዋጣለት መሰለኝ። ጠርዙን ከሠራሁት በኋላ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ አይከኑ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ይመስላል፣ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። አጉልቼ ብቆጥረው በግራ በኩል የመጀመሪያው ካሬ ከማዕዘኑ ጋር ተጣብቋል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከመጨረሻው ካሬ በኋላ የአንድ ፒክስል ክፍተት ቀርቷል። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። 100 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ የምስሉ መሐል በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሁለት ነጥቦች መካከል ያርፋል፤ ጎዶሎ ስፋት ያለው ክፍተት ደግሞ በዚያ መሐል ላይ እኩል ሊከፈል አይችልም። ክፍተቱን ሁለት ፒክስል ስናደርገው ድግግሞሹ ሰባት ይሆናል፣ 84 ለሰባት ሲካፈልም 12 ካሬ ይሰጠናል። ሁለቱን የክፍተት ፒክስሎች ከካሬው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስናደርጋቸው ጥለቱ ከሁለቱም ማዕዘን በእኩል ርቀት ይጀምራል፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ካሬ መካከል ያለው ክፍተትም ትክክል በምስሉ መሐል ላይ ይውላል። አንድ ፒክስል ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

እንግዲህ ስፋቱ 7፣ ቁመቱ 8 ፒክስል የሆነ አዲስ ምስል እንከፍታለን። እስከሚቻለው አጉልተን በኤን ቁልፍ እርሳሱን እናነሣለን፤ ብሩሽ የሚባለው መሣሪያ ጠርዙን ስለሚያለሰልስ እዚህ አይሆንም፣ እርሳሱ ግን ነጥቡን ወይ ይቀባዋል ወይ ይተወዋል። መጠኑን 1 እናደርገዋለን። የመጀመሪያው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ጠቆር ባለው ቀለም ይሞላል። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት አምስት ረድፎች መደባቸው የጥጥ ቀለም ሆኖ በመሐላቸው ቀዩ ካሬ ይቀመጣል። ሰባተኛው ረድፍ እንደገና ጠቆር ያለ መስመር ነው። ስምንተኛው ረድፍ፣ ከፎቶው ጋር የሚዋሰነው፣ የጥጥ ቀለም ይሆናል። ከሦስት ቀለም በላይ አያስፈልግም፤ በካሬው መሐል አንድ ነጥብ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ማድረግ የሚያምረው ሰው ቢያደርግ አልከለክልም፣ ይሁን እንጂ በ100 በመቶ መስኮት ሲታይ ቀዩን ከማደብዘዝ በቀር የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ራሱ ያየዋል።

ይህችን ቁራጭ በኮንትሮልና ኤ መርጠን በኮንትሮልና ሲ እንቀዳለን። ጊምፕ የተቀዳውን ነገር ሁሉ በ«ፓተርን» ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያው ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ እንመርጠዋለን። አሁን ፈተናው ቀጥታ በአይከኑ ላይ ልሙላው ማለት ነው፣ ነገር ግን ፓተርን መደርደሩን የሚጀምረው ከምስሉ የላይኛው ግራ ጥግ ነው እንጂ እኛ ከመረጥነው ቦታ አይደለም። የእኛ ጥለት የሚጀምረው ከስምንተኛው ፒክስል በኋላ ነው፣ ስምንት ደግሞ ለሰባት ስለማይካፈል ጥለቱ በአንድ ፒክስል ተንሸራቶ ይመጣል። ስለዚህ 84 በ8 የሆነ ሌላ አዲስ ምስል ከፍተን በኮንትሮልና በሴሚኮለን ቁልፍ በፓተርኑ እንሞላዋለን። 12 ካሬዎች ከነመስመራቸው በአንድ ጊዜ ይደረደራሉ። ከሸማኔው ሙያ ጋር ሲነጻጸር ይህ ነውር የሚያሰኝ አቋራጭ ነው።

ዋናውን አይከን፣ ማለትም 100 በ100 የሆነውንና 84 በ84 የሆነው ፎቶ በመሐሉ የተቀመጠበትን ምስል ከፍተን መቀነቱን፣ ማለትም 84 በ8 የሆነውን የጥለት ቁራጭ፣ ቀድተን እንደ አዲስ ሌየር እንለጥፈዋለን። በማንቀሳቀሻ መሣሪያው ከላይኛው ጠርዝ ጋር አስጠግተን በቀስት ቁልፎቹ አንድ አንድ ፒክስል እየገፋን ግራው ጫፍ ከጥጉ ስምንት ፒክስል እንዲርቅ እናደርጋለን። ከዚያ ሌየሩን ሦስት ጊዜ እናባዛለን። «ሌየር» ከሚለው ሜኑ «ትራንስፎርም» ሥር አንዱን ቅጂ በሰዓት አቅጣጫ 90 ዲግሪ እናዞረውና በቀኝ፣ ሁለተኛውን 180 ዲግሪ አዙረን ከታች፣ ሦስተኛውን በተቃራኒ አቅጣጫ 90 ዲግሪ አዙረን በግራ እናስቀምጣቸዋለን። በዚህ መንገድ የውጭው ጠቆር ያለ መስመር በአራቱም ጎን ውጭ፣ የጥጡም መስመር ወደ ፎቶው ይሆናል። 90 እና 180 ዲግሪ አንድም ነጥብ አያበላሹም፤ በሌላ ማናቸውም ዲግሪ ማዞር ግን ካሬዎቹን ያደበዝዛቸዋል።

የቀሩት አራት ባዶ ማዕዘኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 8 በ8። እነርሱን በጥለት ልሙላ ብሎ መታገል ዋጋ የለውም፤ ሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ንድፍ በስምንት ፒክስል ውስጥ አይታረቅም። ጠቆር ባለው ቀለም ሞልተን በመሐላቸው 4 በ4 የሆነ ቀይ ካሬ ብናስቀምጥ እንደ ሳጥን ማዕዘን ብረት ሥራውን ዘግቶ ይይዘዋል። እዚህ ላይ አንድ የምትረሳ ነጥብ አለች። ከፎቶው ጋር የሚዋሰነው የጥጥ መስመር ከላይና ከጎን መጥቶ ሊገናኝ ሲል በማዕዘኑ ካሬ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ያለችው አንዲት ፒክስል ጠቆር ብላ ታቋርጠዋለች። በላይኛው ግራ ማዕዘን ስምንተኛው ረድፍና ስምንተኛው ዓምድ የሚገናኙባት ነጥብ እርሷ ናት። በእርሳስ አንድ ጊዜ ነክተን የጥጥ ቀለም እናደርጋታለን፣ በሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖችም እንዲሁ። አራት ጠቅታ ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር የፎቶው መስኮት ጥጉ የተሸረፈ ይመስላል።

ጠርዝ ሁልጊዜ አራት ጎን መሆን አለበት የሚል ሕግ እንደሌለም መናገር ይገባል። ነጠላ ጥለቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች እንጂ በዙሪያው አይደለም። በብራና መጻሕፍታችንም ሐረግ የሚባለው ጌጥ በብዙው የሚሳለው በምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በገጹ ራስጌ ሲሆን አንዳንዴ ጭራዎቹ በጎንና በዓምዶቹ መካከል ይወርዳሉ። ከላይና ከታች ብቻ መቀነት ያለው አይከን 84 የነበረውን የፎቶ ስፋት ወደ 100 ይመልሰዋል፤ የጠርዙም ዋጋ ከ29 በመቶ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። መቀነቱ ሙሉ 100 ፒክስል ርዝመት ሲኖረው ግን ሰባት አይካፈለውም፤ 14 ካሬ 98 ፒክስል ስለሚወስድ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፒክስል ጨምረን መሐሉን እንጠብቃለን። ፊቱ ሰፋ ብሎ ለተነሣ ፎቶ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። የሐረግን ጥልፍልፍ ራሱን በአይከን ላይ ለማምጣት ግን አልመክርም፤ አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ማለፉን ለማሳየት ለእያንዳንዱ ገመድ ቢያንስ ሦስት ፒክስል፣ በማቋረጫው ላይም ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ፒክስል ክፍተት ያስፈልጋል፣ በስምንት ፒክስል መቀነት ውስጥ ይህ ከአንድ ዙር በላይ አይገባም።

ክብ ጠርዝ

የዕድራችንን የቴሌግራም ግሩፕ ምስል እንድሠራ በተጠየቅሁ ጊዜ ከላይ ያለውን የጥለት ጠርዝ በጥንቃቄ ሠርቼ ጫንኩት። በማግሥቱ ከአባላቱ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጥለቱን ምን በላው?» ብለው ጠየቁኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ሳየው መተግበሪያው ምስሉን በክብ ስለቆረጠው አራቱም ማዕዘኖች ሄደዋል፤ ከእያንዳንዱ መቀነትም የሎሚ ቁራጭ የመሰለ የጎበጠ ነገር ብቻ ቀርቷል። በካሬ ውስጥ የተሠራ ክብ ካሬውን የሚነካው በአራት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከካሬው ስፋት 21 በመቶ የሚበልጠው በማዕዘኖቹ በኩል ይጣላል። በክብ ለሚታይ ቦታ የካሬ ጠርዝ ፈጽሞ አይሠራም።

ለዚህ ዓይነቱ ምስል 640 በ640 ፒክስል በሆነ ሸራ ላይ ብንሠራ መልካም ነው። ተራ ቀለበት ለማድረግ በኢ ቁልፍ የሞላላ መምረጫውን አንሥተን ቦታውን 0 እና 0፣ መጠኑን 640 በ640 ብለን እንጽፋለን፤ በአዲስ ሌየር ላይ በቀለም እንሞላለን፤ ከዚያ «ሽሪንክ» በሚለው 32 ፒክስል አጥብበን በዲሊት ቁልፍ ውስጡን እንሰርዛለን። እዚህ ላይ የማለስለሻው ምርጫ፣ «አንቲአሊያሲንግ» የሚባለው፣ መብራት አለበት፤ ቀጥ ያለ መስመር አያስፈልገውም፣ ጎባጣ መስመር ግን ያለ እርሱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ጥለቱን ቀለበት ለማድረግ ደግሞ «ፊልተርስ» ሥር «ዲስቶርትስ» ውስጥ «ፖላር ኮኦርዲኔትስ» የሚባል ነገር አለ። ይህ ፊልተር ቀጥ ያለውን መቀነት ወስዶ እንደ ሰፌድ ጠርዝ ክብ አድርጎ ያዞረዋል። መቀነቱ 640 ፒክስል ርዝመትና 96 ፒክስል ቁመት ኖሮት በሌየሩ ላይኛው ጫፍ ይቀመጣል፣ ሌየሩም ራሱ 640 በ640 መሆን አለበት፤ ካልሆነ «ሌየር ቱ ኢሜጅ ሳይዝ» በሚለው እናስተካክለዋለን። በፊልተሩ መስኮት «ማፕ ፍሮም ቶፕ» የሚለውን ስናጠፋው የላይኛው ረድፍ ወደ ውጭ ይወጣል። መቀነቱ በመሐል ተጨማድዶ እንደ አበባ ከታየን ያ ምርጫ ሳይጠፋ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚህ ዙረት ውስጥ ቅርጹ እንደሚለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በስፋት በኩል 640 የነበረው መቀነት በቀለበቱ መሐል ላይ 1,860 ፒክስል ወደሚሆን ዙሪያ ስለሚለጠጥ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ቁመቱ ግን በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ በቀለበቱ ላይ እኩል ስፋትና ቁመት ያለው ካሬ እንዲመጣ ከፈለግን በመቀነቱ ላይ ቀጭንና ረጅም አድርገን መሣል አለብን። 16 ፒክስል ስፋትና 96 ፒክስል ቁመት ያለው ቁራጭ በቀለበቱ ላይ 46 በ48 ሆኖ ይወጣል፤ 640 ለ16 ሲካፈል ደግሞ 40 ስለሆነ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ስፌት አይታይም። ፎቶው የሚቀመጥበት ክፍት ክብ 544 ፒክስል ይሆናል፣ ቀለበቱም ከክቡ 28 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ከካሬው ጥለት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። የመቀነቱን ላይኛ 12 ረድፎች ንድፍ የሌለበት ጠቆር ያለ ቀለም ማድረግ ይገባል፤ መተግበሪያው ሲቆርጥ የሚሸራርፈው ከዚያ ላይ ይሆናል።

አርባ ካሬ ግን በግሩፕ ዝርዝር ውስጥ ምስሉ ሃምሳ ፒክስል ብቻ ሆኖ ሲታይ እያንዳንዳቸው አራት ፒክስል እንኳ አይሞሉም፣ ተዋሕደው ሐመር ቀይ ክር ይሆናሉ። ሰዎች ምስሉን በብዛት የሚያዩት በዝርዝሩ ውስጥ ከሆነ የቁራጩን ስፋት 32 አድርጎ ወደ ጎን ሰፋ ያሉ 20 ቅርጾች ብቻ መደርደር ይሻላል። ለዕድሩ በመጨረሻ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ውሳኔውን በግምት ከማድረግ ምስሉን ወደ 50 ፒክስል ያሳነሰ ቅጂ አውጥቶ ከክንድ ርቀት ማየት ይበቃል።

ማስቀመጥና ማውጣት

ሥራው ሲያልቅ በኮንትሮልና ኤስ የሚቀመጠው የጊምፕ ፋይል ሌየሮቹን እንዳሉ ይይዛል፤ ለመጫን የሚሆነው ግን «ኤክስፖርት አዝ» በሚለው የሚወጣው ነው። ጥለት የመሰለ ስለታም ቅርጽና ጥቂት ቀለም ያለበት ነገር ፒኤንጂ ሆኖ ቢወጣ አንድም ነጥብ አይጠፋበትም። ጄፔግ ግን ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሚያጠቃልለው በስለታም መስመሮች ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ብናኝ ይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የቀለምን ልዩነት ከብርሃን ልዩነት ባነሰ ጥራት ስለሚያስቀምጥ በጠቆረ መደብ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ መስመር ከሁሉ አስቀድሞ ይደበዝዛል። ችግሩ ብዙ አገልግሎቶች የሰጠናቸውን ፒኤንጂ ራሳቸው ወደ ጄፔግ የሚለውጡት መሆኑ ነው። መከላከያው ጥለቱን በቀለም ብቻ ሳይሆን በብርሃንና በጥላም እንዲለያይ ማድረግ ነው፤ ለዚህ ነው ቀዩ ካሬ በጥጥ ቀለም መደብ ላይ እንጂ በጥቁር ላይ ያልተቀመጠው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የምስሉን ቅጂ ወደ «ግሬይስኬል» ለውጦ ያየው፤ ቀለሙ ሲወጣ ጥለቱ አብሮ ከጠፋ በጄፔግም መደብዘዙ አይቀርም።

በክብ ምስል ላይ ደግሞ ከቀለበቱ ውጭ ያሉትን አራት ማዕዘኖች ባዶ መተው አይገባም። አንዳንዱ ቦታ ባዶውን ነጭ፣ አንዳንዱ ጥቁር ያደርገዋል፤ በአጋጣሚም ምስሉ ሳይቆረጥ በካሬ የሚታይበት ቦታ ይኖራል። ከሁሉ ሥር አንድ ሌየር ጨምረን በቀለበቱ ጠቆር ያለ ቀለም ከሞላነው በየትኛውም ቦታ ሆን ተብሎ እንደተሠራ ሆኖ ይታያል። ሰባት በስምንት የሆነችውን ትንሿን ቁራጭም ለብቻዋ በስሟ ማስቀመጥ አይረሳ፤ ለሚቀጥለው ሰው አይከን ሲሠራ የሚለወጠው ሦስቱ ቀለም ብቻ ነው።